የጓሮዬን ኮንክሪት ያደሱልኝ ሰዎች

ይህን የምጽፈው ሜሪላንድ ውስጥ በሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢዋ ቤት ገዝታችሁ ጓሯችሁን ንድፍ በታተመበት ኮንክሪት ለማሠራት ለምታስቡ፣ ወይም ቀድማችሁ አሠርታችሁ አሁን ሲላላጥ እያያችሁ ለምትበሳጩ ወገኖች ነው። እኔ ሁለቱንም አሳልፌያለሁ። በ2017 እ.ኤ.አ. ያሠራሁት ወለል በስድስት ዓመቱ እናቴን አንሸራቶ ጥሎ የእጇን አንጓ ሰበረው። በ2024 መስከረም ደግሞ ሦስት ሠራተኞች መጥተው ያንኑ ወለል አደሱልኝ፤ እናቴ በመራመጃዋ የምትሄድበት አዲስ መተላለፊያም ጨመሩበት። የበረዶው ወራት እስኪያልፍ አንድም ቃል ሳልጽፍ ጠበቅሁ። ኮንክሪት የሚመሰገነው በተሠራ ማግስት ሳይሆን በረዶ ከሄደበት በኋላ ነውና።

ሥራውን ለማታውቁት፣ እዚህ አገር ስታምፕድ ኮንክሪት ይሉታል። ኮንክሪቱ ይፈስሳል፤ ገና ሳይጠነክር ቀለም ይነሰነስበታል፤ ከዚያ የድንጋይ፣ የጡብ ወይም የሳንቃ ቅርጽ ያለው ወፍራም የላስቲክ ምንጣፍ ላዩ ላይ ተዘርግቶ ይረገጣል። ምንጣፉ ሲነሣ ወለሉ ድንጋይ የተነጠፈበት ይመስላል። በ1950ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ ብራድ ቦውማን የተባለ ሰው ያስጀመረው ጥበብ ነው ይባላል። ከእውነተኛ ድንጋይ ንጣፍ በዋጋ ይቀንሳል፤ በደንብ ከተሠራ ዓይን ይማርካል። ችግሩ ዓይን የሚማርከው በመጥፎ ሲሠራም መሆኑ ነው። የመጀመሪያው ቀን ላይ ሁለቱን መለየት ለባለቤት በጣም ከባድ ነው።

እኔ ግን መለየት ነበረብኝ። አባቴ ግንበኛ ነበር። ኮልፌ ያደግንበት ቤት ወለሉ ሊሾ ነበር፤ ያፈሰሰውም ራሱ ነው። ሊሾው በተሠራበት ሳምንት እኔና ወንድሞቼ ጠዋትና ማታ ባልዲ ተሸክመን፣ ጆንያ የለበሰውን ወለል ውኃ ስናጠጣ ከረምን። ለምን እንደሆነ ስንጠይቀው «ሲሚንቶ የሚጠማው ከተኛ በኋላ ነው» ይለን ነበር። ያ ሊሾ እኔ አገር ለቅቄ እስክወጣ ድረስ አንዲት ስንጥቅ አልነበረበትም።

የመጀመሪያውን ሥራ ተቋራጭ ስም አልጠራም። በሐምሌ ወር፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐዩ በሚያቃጥልበት ሰዓት የኮንክሪቱ መኪና መጣ። ድብልቁ ጠጠር ብሎ አልወርድ ሲል ሰውየው የአትክልት ማጠጫ ጎማዬን ከቧንቧው ላይ ስቦ ወደ መኪናው ውስጥ ውኃ ለቀቀበት። እስኪበቃው ለቀቀበት። ድብልቁ እንደ አጥሚት ቀጥኖ ወረደ፤ ሠራተኞቹም ቶሎ ቶሎ አስተካከሉት። ከመስኮት ቆሜ ሳይ አባቴ ከጎኔ የቆመ መሰለኝ። ሆኖም አንድ ቃል አልተናገርኩም፤ «እኔ ምን አውቃለሁ፣ የእነሱ ሥራ ነው» ብዬ ዝም አልኩ። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ሲሚንቶው ከመተኛቱ በፊት ያን ሁሉ ውኃ አጠጡት፤ ከተኛ በኋላ ግን እርጥበቱን የሚጠብቅ ነገር ማንም አላደረገለትም።

ትርፍ ውኃ ሲደርቅ ቦታውን ባዶ ትቶ ይሄዳል፤ ላዩ ልል ይሆናል። አዲስ አበባ ቢሆን ምናልባት ዓመታትን ይቆይ ነበር። ሜሪላንድ ግን ሌሊት ይበርዳል፣ ቀን ይቀልጣል፣ እንደገና ይበርዳል። ውኃ በረዶ ሲሆን ወደ ዘጠኝ በመቶ ያህል ያብጣል፤ ኮንክሪቱ ውስጥ የገባው ውኃ ባበጠ ቁጥር ላዩን ከሥር ይገፋዋል። ለዚህ ሲባል እዚህ አገር ለውጭ ወለል የሚታዘዝ ኮንክሪት በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን የአየር አረፋዎች እንዲኖሩት ይደረጋል፤ የሚያብጠው በረዶ መተንፈሻ ያገኛል። መጠኑ ስድስት በመቶ አካባቢ ነው። በእኔ ወለል ላይ ይህ ታዝዞ እንደነበር የሚያሳይ ወረቀት የለኝም። አልጠየቅሁም።

ጥፋቱ ሁሉ የእሱ ነው አልልም። ገና በመጀመሪያው የበረዶ ወራት በረዶውን እንዲያቀልጥ ጨው በተንኩበት። ጎረቤት ሁሉ ይበትናል፤ እኔም በተንኩ። አዲስ ኮንክሪት በመጀመሪያው ዓመት ጨው ከነካው ዕድሜው እንደሚያጥር የነገረኝ አልነበረም። በሁለተኛው ዓመት ላዩ እንደ ደረቀ ቂጣ እየተቀረፈ መነሣት ጀመረ፤ ቡናማው ቀለም ሲነሣ ከሥሩ ግራጫ ሲሚንቶ ብቅ አለ። እሱን ልደብቅ ብዬ ከመደብር መከላከያ ቅብ በባልዲ ገዝቼ ቀባሁት። በሁለት ዓመቱ ደገምኩት። ቅብ በቅብ ላይ ሲደራረብ እርጥበት ከሥር ታፍኖ ይቀራል፤ የአበባ ማሰሮዎቹ የሚቀመጡበት ቦታ ሁሉ ነጭ ደመና ለበሰ። የቀረው ደግሞ እንደ መስታወት አበራ። ሰው ሁሉ «ሲያምር!» ይለኝ ነበር።

በ2023 ኅዳር፣ ካፊያ ባለበት ከሰዓት በኋላ፣ እናቴ ቡና አፍልታ ከጨረሰች በኋላ ምድጃውን ልታነሣ ወጣች። ነጠላ ጫማ ነበር ያደረገችው። ድምፁን ሰምቼ ስሮጥ መሬት ላይ ተቀምጣ እጇን ታቅፋ አገኘኋት። «ምንም አልሆንኩም ልጄ፣ ጀበናው ተረፈ» አለችኝ። እናቴ 81 ዓመቷ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቡና የሚፈላው ሳሎን ውስጥ ሆነ፤ እሷም ወደ ጓሮ መውጣት ተወች። እኔን ያንገበገበኝ ከወለሉ መበላሸት ይልቅ ይህ ነው።

ሦስት ቦታ ደውዬ ሦስት ሰው መጣ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ወለሉን ከሩቅ አይተው «ተሰብሮ ይጣል፣ እንደ አዲስ ይሠራ» አሉ፤ የጠየቁት ዋጋም በሁለቱም በኩል ከ9,000 ዶላር በላይ ነበር። ሦስተኛው ከእድራችን አባል አንዱ የጠቆመኝ የኤልሳልቫዶር ተወላጅ የሆኑ ሽማግሌ ናቸው። ሠራተኞቻቸው «ማኤስትሮ» ይሏቸዋል፤ ከእሳቸው ጋር የእህታቸው ልጅና አንድ ሌላ ሠራተኛ አሉ፤ ድርጅቱ ይኸው ነው። ስማቸውን እዚህ ያላሰፈርኩት ራሳቸው ስለለመኑኝ ነው፤ በሦስት ሰው ከያዙት በላይ ሥራ መቀበል አይፈልጉም።

ሽማግሌው ሲመጡ ስለ ቀለምም ስለ ንድፍም አላነሡም። ትንሽ መዶሻ ከኪሳቸው አውጥተው ተንበረከኩ። ከግድግዳው ጥግ ጀምረው በየእርምጃው ወለሉን ቀስ እያሉ ይመቱታል፤ ጆሯቸውን ያዘነብላሉ፤ ትንሽ ፈቀቅ ብለው ደግመው ይመታሉ። አብዛኛው ቦታ ጥርት ያለ፣ ጥርስ ላይ የሚሰማ ድምፅ ይሰጣል። ከአሸንዳው ሥር ሲደርሱ ድምፁ ተለወጠ፤ ባዶ ቅል ሲመታ እንደሚሰማው ሆነ። እዚያ ላይ ቆም ብለው በጠመኔ ከበቡት። ሌላ ሁለት ቦታም ከበቡ። ከዚያ በእጃቸው ውኃ ዘግነው ረጩ፤ ከፊሉ ቦታ ውኃው እንደ ዶቃ ተድበልብሎ ቆመ፣ ከፊሉ ቦታ ወዲያው ሰረገ። አርባ ደቂቃ ያህል ፈጀባቸው። ሲነሡ በእህታቸው ልጅ አስተርጓሚነት የነገሩኝ ይህንን ነው፦ አካሉ ጤነኛ ነው፤ የታመመው ቆዳው ነው። ሦስት ቦታ ላይ ላዩ ከሥሩ ተላቅቋል፤ እሱ ይጠገናል። የጭስ ማውጫው ማዕዘን ላይ የተነሣው ረጅም ስንጥቅ ግን አይጠፋም፤ እንዳይሰፋ ማድረግ ይቻላል እንጂ።

ማዕዘኑ ላይ ለምን እንደተሰነጠቀም አሳዩኝ። ኮንክሪት ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ የሚሰነጠቀው ደግሞ በተለይ ወደ ውስጥ በሚታጠፍ ማዕዘን ላይ ነው። ስለዚህ ባለሙያ ቀድሞ ራሱ መስመር ቆርጦለት ስንጥቁ በዚያ ውስጥ እንዲደበቅ ያደርጋል። የቁርጡ ጥልቀት ቢያንስ የውፍረቱ ሩብ፣ ማለትም ለአራት ኢንች ወለል አንድ ኢንች መሆን አለበት። የእኔ ወለል 320 ካሬ ጫማ ሆኖ አንድ መስመር ብቻ ነበረው። ከቤቱ ግድግዳ ጋር በሚገናኝበት በኩልም የሚለየው ስፖንጅ አልገባበትም፤ ወለሉ ሲያብጥ የሚሄድበት አጥቶ ግድግዳውን ይገፋል።

ውል ከመፈራረማችን በፊት የፈቃድ ቁጥራቸውን ራሳቸው ሰጡኝ። ሜሪላንድ ውስጥ የቤት ማሻሻያ ሥራ የሚሠራ ሁሉ ከግዛቲቱ የቤት ማሻሻያ ኮሚሽን ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ ቁጥሩን በኢንተርኔት ማጣራት ይቻላል። ከውሉ ዋጋ ከሲሶ በላይ በቅድሚያ መቀበልም በሕግ የተከለከለ ነው። የመጀመሪያው ሰው እኩሌታውን አስቀድሞ ሲቀበለኝ ይህን አላውቅም ነበር። እባካችሁ እናንተ እወቁ። ለመቆፈር ሲዘጋጁም 811 ደውለው የጋዝና የኤሌክትሪክ መስመር የሚያልፍበት ቦታ መሬቱ ላይ በቀለም ምልክት እስኪደረግበት ድረስ ጠበቁ። አገልግሎቱ ነጻ ነው፤ ሆኖም ስንቱ ነው ሳይደውል አካፋ የሚያነሣው!

እድሳቱ የጀመረው የተደራረበውን ቅብ በማንሣት ነው። ወፍራም ማስለቀቂያ ቀቡበት፣ በፕላስቲክ ሸፈኑት፣ ቆይተው በግፊት ውኃ አጠቡት። አንድ ጊዜ አልበቃም፤ እኔ ከመደብር ገዝቼ ያለበስኩት ሁሉ ሁለተኛ ዙር ጠየቀ። ለዚያ ተጨማሪ ቀን ገንዘብ አልጠየቁኝም። ባዶ ድምፅ የሰጡትን ሦስት ቦታዎች ፈልፍለው የተላቀቀውን አወጡ፤ ማጣበቂያ ባለው የሲሚንቶ ድብልቅ ሞሉ፤ ገና እርጥብ ሳለ በትንሽ የማተሚያ ላስቲክ ንድፉን ከዳር ካለው ጋር እያገናኙ ተጫኑት። ረጅሙን ስንጥቅ በጠንካራ ሲሚንቶ አልሞሉትም። በሚለጠጥ ማሸጊያ ሞልተው፣ ሳይደርቅ ከወለሉ ቀለም ጋር የተቀራረበ አሸዋ ነሰነሱበት። ዛሬ ከቆምኩበት ሳይ አላየውም፤ ጎንበስ ስል አየዋለሁ። እንደሚሆን የነገሩኝም ይህንኑ ነው።

አሁን ስለ አዲሱ መተላለፊያ። ከጎን በር እስከ ጓሮው ወለል 30 ጫማ ርዝመት፣ 4 ጫማ ስፋት አለው። መሬቱ በተፈጥሮው ተዳፋት ነው፤ በጠቅላላ 14 ኢንች ይወርዳል፤ ለመራመጃ የማያስቸግር ለስላሳ ቁልቁለት ነው። እኔ የፈለግሁት ንድፍ የአዲስ አበባን ኮብልስቶን መንገድ የሚመስለውን ነበር። ካታሎጉን ይዤ አሳየኋቸው። ሽማግሌው መጀመሪያ አላዩትም፤ በር አጠገብ የቆመውን የእናቴን መራመጃ አዩ። ሄደው አነሡት፣ ገለበጡት፣ ትንንሾቹን ጎማዎች በጣታቸው አሽከረከሩ። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ። በድንጋዮቹ መካከል የሚታተመው ጥልቅ መስመር ጎማውን ይይዘዋል፤ እናትሽ በየእርምጃው ትንገጫገጫለች፣ አንድ ቀን ደግሞ ትቆማለች፣ ትወድቃለች አሉኝ። በምትኩ መስመር የሌለው፣ የገጠር ጥቁር ድንጋይ ፊት የሚመስል ቀጭን ማተሚያ መረጡልን። ኮብልስቶኑን ብወስድ ዋጋው ያው ነበር። ማንም ሳያስገድዳቸው ነው ያሰቡላት። ለዚህ ሥራ ከምሰጠው ምስጋና ግማሹ ለዚያች ደቂቃ ነው።

መሬቱን ስምንት ኢንች ያህል ቆፈሩ፤ አራት ኢንች የተፈጨ ድንጋይ አስገብተው በማሽን ጠቀጠቁ፤ በላዩ አራት ኢንች ኮንክሪት። ለ120 ካሬ ጫማ አንድ ተኩል ኪዩቢክ ያርድ ያህል ኮንክሪት ይበቃል፤ አነስተኛ ጭነት ስለሆነ ፋብሪካው ለትንሽነቱ ተጨማሪ ያስከፍላል፤ ያን አስቀድመው በውሉ ላይ ጽፈውታል። የታዘዘው ኮንክሪት ጥንካሬው 4,000 ፒ.ኤስ.አይ. (በካሬ ኢንች 4,000 ፓውንድ ግፊት የሚችል)፣ አየሩ ስድስት በመቶ መሆኑን የሚያሳየውን ደረሰኝ የመኪናው ሾፌር ሲሰጣቸው እኔም እንዳየው አደረጉ። ኮፒው አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። መኪናው የመጣው ጠዋት ከሁለት ሰዓት በፊት ነው፤ አየሩ ቀዝቀዝ ያለ ነበር። የውኃ ጎማዬ እንደተጠቀለለ ቀረ።

ከፈሰሰ በኋላ ረጅም መጠበቅ አለ። ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ ይህ ነው። ላዩ ላይ የሚወጣው ውኃ ራሱ እስኪተን ድረስ ማንም ማለስለሻ አላነሣም። ቀለሙን በሁለት ዙር በእጅ ነሰነሱ፤ የሚነሰንሰው የእህታቸው ልጅ ነው፤ ገበሬ ጤፍ ሲዘራ እንደሚያደርገው ክንዱን ከጎን ወደ ጎን ያወናጭፋል። ከዚያ ሽማግሌው ጣታቸውን ይዘው ይዞሩ ጀመር። በፀሐይ በኩል ይነካሉ፣ መሐል ላይ ይነካሉ፣ ከዛፉ ጥላ ሥር ይነካሉ። ጣታቸው ሩብ ኢንች ገብቶ ሲቆም፣ ሲያወጡትም ሲሚንቶው ሳይከተለው ሲቀር ጊዜው ደረሰ ማለት ነው። ከዚያ በፊት ከሆነ ምንጣፉ ይሰጥማል፤ ካለፈ ደግሞ ቢረግጡትም አይታተምም። ፀሐይ ያለበት ቶሎ ስለሚጠነክር ከዚያ ጀመሩ። ምንጣፉ እንዳይጣበቅ ጥቁር ግራጫ ዱቄት ነሰነሱ፤ ያ ዱቄት ጎድጓዳው ውስጥ ቀርቶ ድንጋዩን ያረጀ ያስመስለዋል። ሦስቱም ምንም ሳይነጋገሩ ምንጣፍ ሲያነሡ፣ ሲያቀብሉ፣ ሲረግጡ እናቴ በመስኮት አንድ ሰዓት ሙሉ አየቻቸው። «አባትሽ ቢያይ ደስ ይለው ነበር» አለች።

በማግስቱ በየአምስት ጫማው መስመር ቆረጡ። እኔ ግን ልቤ ውኃው ላይ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌውን «ውኃ አታጠጡትም?» ብዬ ጠየቅኋቸው፤ ስለ አባቴና ስለ ጆንያውም ነገርኳቸው። ከልባቸው አዳመጡኝ። አባትሽ ልክ ነው አሉ፤ እኔም በአገሬ እንዲሁ ነበር የምሠራው። ቀለም ባለው ኮንክሪት ላይ ግን ጆንያም ሆነ ፕላስቲክ ሲጋደም የነካው ቦታ ከቀረው ተለይቶ ይዥጎረጎራል። ስለዚህ ትርፉን ዱቄት ካጠቡ በኋላ ውስጡ ያለው እርጥበት ወጥቶ እንዳያልቅ የሚያፍን ስስ ቅብ ይቀባሉ። የውጭውን ውኃ ከማጠጣት ይልቅ የውስጡን መጠበቅ ማለት ነው። እናቴን ለአንድ ሳምንት በላዩ እንዳላሳልፋት አዘዙኝ፤ እኔም በሩን ቆለፍኩ።

የመጨረሻው ቅብ የመጣው ከአራት ሳምንት በኋላ ነው፤ ለአሮጌውም ለአዲሱም አንድ ላይ። በሁለት ስስ ዙር ተቀባ። ሁለተኛው ዙር ውስጥ በዓይን የማይለይ የፕላስቲክ ደቃቅ ተደባልቋል፤ እግር እንዳያንሸራትት የሚያደርገው እሱ ነው። ሲደርቅ እንደ ድሮው አያብለጨልጭም፤ ደብዘዝ ይላል። አንዳንድ ጎረቤቶች የቀድሞው ያምር ነበር ብለውኛል። እኔ ግን ሌሊት ውኃ ደፍቼበት፣ ጫማዬን አውልቄ፣ በእርጥብ እግሬ ላይ ታች ተመላለስኩበት። እንደ ደረቅ ዓለት ነው የያዘኝ።

ቅር ያሰኘኝ ነገርም አለ። ከቀጠሮአቸው ሁለት ቀን ዘግይተው ነው የጀመሩት፤ የደወሉልኝም በዚያው ጠዋት ነው፤ እኔ ደግሞ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ነበር። ያ ግራጫ ዱቄት በነፋስ ተነሥቶ የመስኮቶቼን ወንፊት ሁሉ ለበሰ፤ አጥበውልኛል፣ ግን ቀድመው ቢሸፍኑት ይሻል ነበር። የቅቡ ሽታ ከባድ ነው፤ እናቴን ለሁለት ቀን እህቴ ቤት ማሳደር ነበረብኝ፤ ሽታው ይህን ያህል እንደሚሆን አልነገሩኝም። የአዲሱና የአሮጌው ቀለም አንድ አልሆነም። አሮጌውን ቀለም ባለው ቅብ ለማቀራረብ ሞክረዋል፤ በደመና ቀን አይለይም፤ ፀሐይ ሲወጣ አዲሱ ቀላ ይላል። ከአሸንዳው አጠገብ ያለው የመተላለፊያው ጠርዝ ላይ ደግሞ ማተሚያው በደንብ አልገባም፤ አንድ ክንድ የሚያህል ቦታ ድንጋይ ሳይሆን ተራ ሲሚንቶ ይመስላል። ይህን ራሳቸው ናቸው ያሳዩኝ፤ እኔ አላየሁትም ነበር።

ዋጋው፦ እድሳቱ በካሬ ጫማ 4 ዶላር ከ50፣ በጠቅላላ 1,440 ዶላር፤ አዲሱ በካሬ ጫማ 21 ዶላር፣ 2,520፤ አንድ ላይ 3,960 ዶላር። በቅድሚያ የሰጠሁት 1,320 ነው። አዲሱ ክፍል ትንሽ ሥራ ስለሆነ በካሬ ጫማ ሲሰላ ከፍ ይላል፤ ትልቅ ወለል ቢሆን ይወርድ ነበር። አፍርሶ ከመሥራት ጋር ሳነጻጽረው ምንም የምለው የለኝም።

ለቡና አፍቃሪ ቤቶች አንድ ነገር ልጨምር፤ እዚህ አገር የተጻፈ መመሪያ ላይ አታገኙትም። ይህ ቅብ ሙቀት ሲያገኘው ይለሰልሳል። የከሰል ምድጃችን ሦስት እግሮች በአሮጌው ወለል ላይ ያቃጠሉት ምልክት ሦስት ጥቁር ሳንቲም መስሎ ነበር። ሽማግሌው ምንነቱ አልገባቸውም ነበርና እናቴ ምድጃውን፣ ጀበናውንና ረከቦቱን አምጥታ አሳየቻቸው። እሷ በአማርኛ፣ እሳቸው በስፓኒሽ ሲነጋገሩ ቆዩ። የእሳቸውም አገር ቡና አብቃይ ነውና ጥሬውን ፍሬ ከእጇ ተቀብለው አሸተቱ፣ በጥርሳቸው ሰበሩ፣ «ጥሩ ነው» በሚል ዓይነት አውራ ጣታቸውን አነሡ። በማግስቱ ከሌላ ሥራ የተረፈ ውፍረቱ ሁለት ኢንች የሆነ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይዘው መጡ፤ ምድጃው አሁን የሚያርፈው እሱ ላይ ነው።

የበረዶው ወራት እንዴት እንዳለፈ ደግሞ ይኸውላችሁ። ጨው አልነካሁትም። አሸዋ ብቻ ነው የበተንኩት፤ በረዶውንም በፕላስቲክ አካፋ ነው የጠረግሁት። ማዳበሪያ ነገር በረዶ ለማቅለጥ የሚበትኑ አሉ፤ አሞኒየም ያለበት ማንኛውም ነገር ኮንክሪት ይበላልና እንዳትሞክሩት። በመጋቢት ወር በጉልበቴ ተንበርክኬ አዲሱን ከዳር እስከ ዳር በእጄ ዳሰስኩት። የተነሣ ቅርፊት የለም። ከጥገናዎቹ አንዱ ዳር ላይ ፀጉር የምታህል መስመር ታይታለች፤ ፎቶ አንሥቼ ላክሁላቸው፤ በዚያው ቀን ማታ መለሱልኝ።

በግንቦት መጨረሻ ይመጣሉ። ያቺን መስመርና የአሸንዳውን ጠርዝ ይሠራሉ፤ ለዚያ በሁለታችን ስምምነት ያስቀረሁት 200 ዶላር አለ። ቼኩ ተጽፎ ረከቦቱ ሥር ተቀምጧል። እናቴ የምትመጡበት ቀን ቅዳሜ ይሁን በያቸው ብላኛለች፤ ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡናው የሚፈላው ጓሮ ነው።